ሽቅብ የተንጠለጠለች ጠብታ

ሰኞ

ቪዲዮው አርባ ሰከንድ ነው። አበባው የሚታየው ስድስቱን ብቻ። ሌላው ሣር፣ የአጎቴ ጫማ፣ ሰማይ፣ ቅጠል፣ እንደገና ሰማይ፤ ሁሉም እየተሽከረከረ። ቢሆንም ስድስት ሰከንድ አለኝ። ከጠዋት ጀምሮ ስንት ጊዜ እንዳየሁት እንጃ።

ለምን እንደምለፋ ልጻፈው፤ ኋላ እንዳልክደው። ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩኝ ዶክተር ትዕግሥት የዞኑን ኦርኪዶች የሚመዘግብ ቡድን እያቋቋሙ ነው። አንድ የመስክ ረዳት ይፈልጋሉ። ያመለከትነውን ሁሉ አንድ ፈተና ሰጡን፦ ከአካባቢያችሁ አንድ ኦርኪድ አግኙ፣ የየትኛው ጂነስ፣ ማለትም የየትኛው የዝርያዎች ወገን፣ እንደሆነ ለዩ፣ ምክንያታችሁን ጻፉ። እስከ ዓርብ። ከተመረቅኩ አንድ ዓመት አልፏል፤ ሲቪ ያስገባሁባቸውን ቢሮዎች መቁጠር ትቻለሁ። በተማርኩት ልሠራ የምችልበት ቦታ ሲወጣ ይሄ የመጀመሪያው ነው።

ኦርኪዱ ያለው ከአረቅጥ ከተማ ዝቅ ብሎ፣ አጎቴ ከማል ሰፈር፣ ጀፎሮው ላይ ካለ ያረጀ ዝግባ ላይ ነው። ጀፎሮ ማለት በቤቶቹ ፊት የተዘረጋው ሰፊ የሣር ሜዳ ነው፤ ሠርጉም ለቅሶውም እዚያ ነው። የሁሉም ስለሆነ እዚያ ካለ ዛፍ ላይ ቅጠል መበጠስ ቀርቶ መውጣትም ያለ ሽማግሌ ፈቃድ አይሆንም። ፈቃጁ አባ ነስሩ ደግሞ ልጃቸውን ሊጠይቁ ቆሼ ከተማ ወርደዋል። መቼ እንደሚመለሱ የሚያውቅ የለም።

አጎቴ ትናንት ዛፉን ሽቅብ እያየ ጠየቀኝ።

«ይበላል?»

«አይበላም።»

«መድኃኒት ነው?»

«እኔ እስከማውቀው አይደለም።»

«ታዲያ ከወልቂጤ ድረስ ምን ፈልገሽ መጣሽ?»

«ስሙን።»

«ስም እዚያው ቤትሽ ሆነሽ ማውጣት አትችዪም ነበር?»

ረጅም ቀርከሃ አመጣ። ስልኬን ጫፉ ላይ በቃጫ ጠፍሮ አሰረው። እኔ ቀርከሃው መሬት ላይ እንደተጋደመ ቪዲዮውን አስጀመርኩ፤ እሱ አቁሞ ወደ ቅርንጫፉ አስጠጋው። «ቢሰበር የለሁበትም» ይላል በየመሃሉ። ጉም ነበር፤ ከአበባው ጀርባ ነጭ ብቻ ነው የሚታየው። አንዱ የአበባ ቅጠል ጫፍ ላይ ጠብታ አለች። ቆንጆ ናት።

ዛፉ ሥር፣ ሣሩ ላይ፣ ከኦርኪዱ የወደቀ የደረቀ ቁራጭ አገኘሁ። የወደቀ መውሰድ ይቻላል። ያየሁት፦
– ከግርጌው እንደ ሽንኩርት ያበጡ አጫጭር ግንዶች፣ ሰባት
– በእያንዳንዱ ላይ አንድ ቅጠል
– የአበባው ዘንግ የሚወጣው ከግንዱ አናት ነው፣ ከሥሩ አይደለም
– ሥሮቹ የያዙት ቅርፊቱን ብቻ ነው። ከዛፉ ምንም አይመጥጡም፤ ተቀምጠውበት ነው እንጂ።

ማክሰኞ

ከአናት የሚወጣ ዘንግ። ያበጠ ግንድ። አበባው ላይ አገጭ የሚባለው ወጣ ያለ እብጠት። ሦስቱን ስደምር እጄ ራሱ ፖሊስታኪያ ብሎ ጻፈ። ስሙ በግሪክ ብዙ የእህል ዘለላ እንደ ማለት ነው። አብዛኞቹ ዝርያዎቹ አፍሪካ ውስጥ ናቸው፤ አገራችንም ውስጥ አሉ።

ከዚያ ቪዲዮውን ከፈትኩና ሰረዝኩት።

ጉዳዩ ከንፈሩ ነው። ኦርኪድ ከውስጠኞቹ ሦስት የአበባ ቅጠሎች አንዱን ለየት አድርጎ ያበቅላል፤ ከንፈር ይባላል። አብዛኞቹ ኦርኪዶች ገና እምቡጥ ሳሉ አንገታቸውን ይጠመዝዙና ከንፈሩን ወደ ታች ያዞሩታል፤ ነፍሳት እንዲያርፉበት። ፖሊስታኪያ ግን እንደዚያ አያደርግም። ከንፈሩ ላይ ነው የሚቀረው፤ አበባው ኮፍያ የደፋ ይመስላል። ይህን ጂነስ ለመለየት መጀመሪያ የሚታየው ይሄ ነው።

የእኔው አበባ ከንፈር ደግሞ ታች ነው። ቁልጭ ብሎ ታች።

የኦርኪድ ጂነሶችን መለያ ሰንጠረዥ ሦስት ጊዜ ከላይ እስከ ታች ሄድኩበት። ዘንግ ከአናት፣ አገጭ፣ ከንፈር ታች፤ እንደዚህ የሚል መስመር የለም። ወይ እኔ ተሳስቻለሁ፣ ወይ ሰንጠረዡ የማያውቀው ነገር ነው።

አዲስ ጂነስ ይሆን እንዴ ብዬ አሰብኩ። ይሄንንም ልጻፈው።

ሰሚራ ከቡታጅራ ደወለች። አብረን ነው የተመረቅነው፤ እሷም አመልክታለች። መስቃን ውስጥ በዘመዶቿ ማሳ ዳር ካለ ዋንዛ ላይ ረጅም ጭራ ያለው ነጭ ኦርኪድ አግኝታ በአንድ ቀን ለይታ ልካለች።

«የኔ ከዝርዝሩ ውስጥ የለም» አልኳት።

«ባክሽ አታካብጂ!»

«ወላሂ የለም።»

«ነጃትዬ፣ እንደዚያ ከሆነማ የኔን መልሼ ልውሰደው» ብላ ሳቀች። ሳቋ ትንሽ ዘግይቶ ነው የመጣው።

ረቡዕ

ላክሁት። ከቪዲዮው የወጣ አንድ ፎቶ፣ የደረቁ ግንዶች ፎቶ፣ ሁለት ገጽ ጽሑፍ። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር፦ «ይህ አበባ እስካሁን በተጻፉት ጂነሶች ውስጥ የሚገባ አይመስለኝም።» «አይመስለኝም» የምትለዋን አምስት ጊዜ አጥፍቼ ጻፍኳት። «አይገባም» ልል ነበር።

ዶክተር ከሰዓት በኋላ መለሱ። «ነጃት፣ እንዳልሽው ከሆነ ቀላል ነገር አይደለም። ቅዳሜ ራሴ መጥቼ አየዋለሁ። ለጊዜው ለሌላ ሰው አታሳዪው።»

ራሴ መጥቼ።

እናቴ ስትሰማ ሥራውን ያገኘሁ መሰላት። አላረምኳትም። እኔም እንደዚያ መስሎኛል መሰል፤ የመስክ ቦት ጫማዬን አውጥቼ ጭቃውን አራገፍኩ።

ሐሙስ

ዶክተር ከመምጣታቸው በፊት አበባውን በእርሳስ ልሳለው አልኩ። ትልቅ አድርጌ፣ ሙሉ ገጽ። አገጩ፣ ከንፈሩ፣ ከንፈሩ ላይ ዱቄት የመሰለው ፀጉር። ከዚያ ላይ ያለውን የአበባ ቅጠል፣ ከዚያ ጫፉ ላይ ያለችውን ጠብታ።

ጠብታዋ ላይ እጄ ቆመ።

ጠብታዋ ከቅጠሉ ጫፍ ሽቅብ ተንጠልጥላለች። ወፍራሙ ሆዷ ወደ ሰማይ ነው።

ውኃ ወደ ላይ አይንጠለጠልም።

ስልኩን ገለበጥኩት። ጠብታዋ እንደ ማንኛውም ጠብታ ወደ ታች ተንጠለጠለች። ከንፈሩ ላይ ወጣ። አበባው ኮፍያውን ደፋ። ፖሊስታኪያ። ከአሥር ደቂቃ በላይ ስልኩን ዘቅዝቄ ይዤ ተቀመጥኩ።

ለአጎቴ ደወልኩ።

«ስልኩን ስታስረው ጭንቅላቱ በየት በኩል ነበር?»

«ወደ ታች ነዋ! በግ ስሰቅል እንደማስረው ነው ያሰርኩት። በዚያ አስተሳሰር የወደቀ በግ አይቼ አላውቅም።»

ስልኩ እውነትም አልወደቀም። ስልኩ ቪዲዮውን የጀመረው መሬት ላይ ተጋድሞ ነው፤ ላይና ታቹን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። እኔ ግን ነበረኝ። ከሰኞ ጀምሮ ጠብታዋን ሳደንቃት ነው የከረምኩት።

ሰሚራን ነገርኳት።

«ክሮፕ አድርጊያት» አለች ወዲያው። «ጠብታዋን ብቻ ቆርጠሽ ጣይ። ለጥራት ነው ብለሽ ድጋሚ ላኪ።»

«ቅዳሜ ዛፉን ሲያዩትስ?»

«ሽማግሌው የሉም አላልሽም? ማን ያስወጣቸዋል? አበባው እስኪረግፍ ሥራው ያንቺ ነው።»

«አንቺም እኮ አመልክተሻል።»

«እሱን ተዪው» አለች። «እኔ የምለው ለጓደኛዬ ነው።»

እውነቷን ነበር። ያ ነው የከበደኝ።

ፎቶውን ቆርጬም አየሁት። ያምራል። ምንም አይታወቅም። ከዚያ አጠፋሁትና እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ዶክተር፣ የላክሁልዎት ፎቶ የተዘቀዘቀ ነው። ጠብታዋን ይመልከቱ። አበባው ፖሊስታኪያ ነው፤ አዲስ ነገር የለውም። ስህተቱ የእኔ ነው። ቅዳሜ ባይደክሙ ይሻላል።» ደግሜ ሳላነብ ላክሁት። ደግሜ ባነበው አልልከውም ነበር።

ዓርብ

መልስ የለም።

መልእክቱን እንዳዩት ምልክቱ ያሳያል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው ያዩት።

ማመልከቻው ዛሬ ይዘጋል። የላክሁት አንድ ትልቅ ስህተትና አንድ አጭር እርማት ነው። ቦት ጫማውን ወደ ቦታው መለስኩት።

አጎቴ ደወለ። አባ ነስሩ ከቆሼ ገብተዋል፤ ጉዳዩን ነግሯቸው «ትምጣና ራሷ ትጠይቀኝ» ብለዋል። አሁን ምን ያደርግልኛል ልለው ነበር። ነገ እመጣለሁ አልኩት። ለምን እንዳልኩ በደንብ አላውቅም። ምናልባት አንድ ጊዜ እንኳ ቀጥ ብሎ ላየው ፈልጌ ይሆናል።

ቦት ጫማውን እንደገና አወጣሁት።

ቅዳሜ

ይህን የምጽፈው አጎቴ ደጅ፣ ጀፎሮው ዳር ተቀምጬ ነው።

አባ ነስሩ ዝግባው ሥር በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው ጠበቁኝ። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ስለ እናቴ ጤና፣ ስለ ወልቂጤ ዝናብ፣ ስለ መንገዱ ጠየቁኝ። ስለ አበባው መጨረሻ ላይ።

«ስንት ዘንግ አለው?»

«ስድስት ይመስለኛል፣ አባ።»

«ይመስለኛል ምንድነው? ውጪና ቁጠሪ። አንዱን ትወስጃለሽ። የቀረው እዚሁ ይቆያል።»

አጎቴ መሰላል ደግፎ ያዘልኝ። «ይሄንንም በበግ አስተሳሰር ልሰረው?» ይላል። እየሳቅኩ ወጣሁ።

ሰባት ነው። ሁሉም ከንፈራቸው ወደ ላይ ነው። ጉሙ አሁንም አለ፤ ጠብታዎቹ ሁሉ ወደ ታች ተንጠልጥለዋል። ብዙ ቆየሁ። አባ ነስሩ ከታች «እዚያው ልትኖሪ ነው እንዴ?» እስኪሉ ድረስ። አንዱን ዘንግ ከነግንዱና ከነቅጠሉ አነሳሁ።

ስወርድ «ስሙ ታወቀ?» አሉኝ።

«ታወቀ። ሌላ ቦታም ያለ ነው፣ አባ። ብርቅ አይደለም።»

«እዚህ ግን ያለው ይሄ ብቻ ነው» አሉና ተነሥተው ሄዱ።

መልእክቱ የገባው ናሙናውን ጋዜጣ መሃል ሳስተኛ ነው። ዶክተር ናቸው። «ጠብታዋን እኔም አላየኋትም ነበር። ናሙና ካገኘሽ ሰኞ ቢሮ ይዘሽው ነይ።» ይኸው ነው። ስለ ሥራው የሚል ቃል ሁለት ጊዜ ፈለግኩ፤ የለም። ግን ሰኞ የሚል አለ።

ከናሙናው ጋር የሚሄደውን መግለጫ ወረቀት ጻፍኩ። ጂነስ፣ ፖሊስታኪያ። ዝርያ፣ ገና አልተለየም። ቦታ፣ ከአረቅጥ ዝቅ ብሎ፣ ጀፎሮ። የበቀለበት፣ ዝግባ ላይ። ፈቃድ የሰጡት፣ አባ ነስሩ። ሰብሳቢ የሚለው ላይ ስሜን ጻፍኩ፤ እዚያ ቦታ ላይ ስጽፈው የመጀመሪያዬ ነው።

አበባ ግን ጋዜጣ መሃል ተጨፍልቆ ሲደርቅ ላይና ታች የለውም። ወረቀቱን ያዞረ ሰው ሁሉ እንደፈለገ ያነበዋል። ስለዚህ ከስሜ ሥር አንድ መስመር ጨመርኩ፦ ከንፈሩ ወደ ላይ ነው፤ ዛፉ ላይ ወጥቼ አይቻለሁ።