ለዳልቻ የገጠምኩት

ዓርብ፣ ጥር ፲፬

ልጄ ግጥሜን ሰረቀችኝ። አዲስ አበባ ገብታ ከኤሌክትሪክ ጊታርና ከኪቦርድ ባንድ ጋር መዝፈን ከጀመረች አሥር ዓመቷ ነው። ዛሬ ገበያ ውስጥ በሬዲዮ ሰማኋት። አውድማ ላይ በሬዬን ዳልቻን ያሞገስኩበትን ግጥም ትዘፍናለች። ጋዜጠኛው ዳልቻ ፍቅረኛዋ መሰለው። የማን ግጥም እንደሆነ ሲጠይቃት «የሕዝብ ነው» አለች።

ፕሮግራሙ እንዳለቀ ደወልኩላት።

«አባዬ፣ ለመዝፈን ስሄድ ‹ስሜን ከዘፈን ጋር እንዳታነሺ› ያሉኝ እርስዎ አይደሉ?»

«ብያለሁ።»

«አሁንስ? ልናገር?»

ልቤ «ተናገሪ» አለኝ። አፌ ግን እንቢ አለ።

«አትናገሪ። ዳልቻ በሬ እንጂ ጎረምሳ አለመሆኑን ግን ንገሪው።»

ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። የተናገርኩትን አላጥፍም። ስለ ግጥሙ ከእንግዲህ ለሰው አልናገርም፤ እዚህ ማስታወሻዬ ላይም አልጽፍም።