የቶርዲስ ጠዋት

ሃመርፌስት፣ ኖርዌይ፣ ታኅሣሥ

ይድረስ ለልጄ ለአይናር፤

ያለህበትን አገር ሰላም ያድርግልህ፤ ደጅህን ክፉ አይርገጠው። እኔ ደህና ነኝ። ነፋስ የገነጠለውን የጀልባ ቤት ጣሪያ አስጠግኛለሁ፤ የእናትህን መቃብርም በረዶውን ጠርጌላታለሁ።

እህትህ ቶርዲስ ግን ደህና አይደለችም። ፀሐይ እስከ ጥር ላትመለስ ከሄደች ወዲህ ሌሊት ዓይኗ አይከደንም፤ ቀን ቢሮዋ ጠረጴዛ ላይ ትደፋለች። አንተ ለቢሮዋ ሰዎች የነደፍክላቸው መብራት፣ ጠዋት እንደ ቀትር ነጥቶ ከሰዓት እየለዘበ የሚሄደው፣ አምና ደግፎ አቆያት። ዘንድሮ አጠፉት። ሄጄ ብለምናቸው አለቃቸው ማግኒ ሳቀችብኝ። «ጋሼ ሃልቫር፣ መብራቱ እኮ የዓሣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለን አስመሰለን! በጨለማ ወራት ሰው ሻማ ለኩሶ ይሟሟቃል እንጂ!» አለችኝ።

ቶርዲስ መታመሟን ሲያዩ ደግሞ አዝነው ጠረጴዛዋ ላይ ሌላ ሻማ ጨመሩላት። በክፋት ቢሆን እጣላቸው ነበር። በፍቅር ያጨለሙባትን ሰዎች ምን ልበላቸው?

ትናንት፣ «አባዬ፣ ቢነጋም አይነጋልኝም፤ ከዚህ በላይ አልችልም» አለችኝ። ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት፤ እሱም የጠዋት ብርሃን አይቅርባት አለ። አሁን ብቻዋን አልተዋትም። እጸልያለሁ፤ ግን የምጸልየው ለእሷ ነው ወይስ ብቻዬን መቅረት ፈርቼ? እሱንም አላውቅም።

ልጄ፣ እኔን አይሰሙኝም፤ አንተ ለማግኒ ደውልላት። አትቆጣት፣ ደግ ሴት ናት። ሻማቸውን ከሰዓት ይለኩሱ፤ ጠዋቱን ግን ለእህትህ ይተዉላት በላት።

አምላክ ቃልህን ያሰማልህ።

አባትህ ሃልቫር