ታንጉትም እናናየሁም እኔ ነኝ

መጋቢት 4፣ 1975
ሱፍ ስፈትል ዋልኩ። ከሰዓት አንድ የጭነት መኪና ሹፌር የልጄን ደብዳቤ ከጅቡቲ አመጣልኝ። «የእናቴና የአባቴ ስም ያለበት የልደት ማረጋገጫ ከቀበሌ ይምጣልኝ። እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ካልደረሰ ከአገር ያስወጡኛል። ልጄ ግን የአገሩ ሰው ከሆነው አባቱ ጋር ይቀራል።» ገና ጡት አልጣለም... የእናቴን ስም ታንጉት ብዬ አስመዝግቤያለሁ ትላለች። ማን ነገራት? እኔው ነኝ። የአባቴ ቤት ስሜን እንድታውቅልኝ ብዬ።

መጋቢት 6
ቀበሌ። ጸሐፊው ዘርአ ዳዊት መታወቂያዬን አገላብጦ አየ።
«እዚህ ያለው እናናየሁ ነው።»
«እኔ ነኝ።»
«ታንጉትስ?»
«እሷም እኔ ነኝ።»
«እትዬ፣ አንዷን ይምረጡ።»
ሙሽራ ሆኜ ስገባ አማቴ ያወጡልኝ ስም ነው አልኩት። የእሱ እናትስ ስም አልወጣላቸውም?
«እንግዲያው አማትዎ ቀርበው ይመስክሩ።»
አማቴ አንኮበር ናቸው። ለአንኮበር የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ይለፉን ሊቀመንበሩ ይፈርማል። ሊቀመንበሩ ስብሰባ ነው።

መጋቢት 13
ስብሰባ።

መጋቢት 20
ስብሰባ... ይህን ያህል ምን ያወሩ ይሆን?

መጋቢት 27
ይለፉ ተፈርሞልኝ አንኮበር ገባሁ። ባሌ ከሞተ ወዲህ እናቱን፣ እማማ ዘርፈሽዋልን፣ አላየኋቸውም ነበር። ነገሩን ሰምተው ፊታቸውን አዞሩ።
«ያወጣሁልሽን ስም ልትጥዪ ነው?»
«አልጥልም፣ እማማ። ታንጉትም ትባል ነበር ይበሉልኝ ብቻ።»
«እኔ ለልጄ ያመጣሁት እናናየሁን ነው።»
የልጅ ልጅዎን ከሚጠባ ልጇ ሊለዩብን ነው አልኳቸው።

መጋቢት 28
ጠዋት ነጠላቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ለሳቸው ይለፍ ደግሞ ሌላ አምስት ቀን...

ሚያዝያ 5
ቀበሌ። «ታንጉት ይቺው ናት» አሉ እማማ፣ መሬት መሬት እያዩ። በሃያ ስድስት ዓመት ከአፋቸው ስሰማው የመጀመሪያዬ። ዘርአ ዳዊት ሲጽፈው ከማዶ ሆኜ እንደተገለበጠ አነበብኩት። ከዚያ የሳቸውን መታወቂያ አነሳ። ምነው ባላነሳው።
«ዘርፈሽዋል የልደት ስምዎ ነው?»
«አማቴ ናቸው ያወጡልኝ።»
«የልደት ስምዎን ማን ይመሰክራል?»
«የሚያውቁት ሁሉ ሞተዋል፣ ልጄ። ሄደህ ጠይቃቸው።»
ብዕሩን አስቀመጠ። ከዚያ ማህተሙን መታ።

ግንቦት 9
ወረቀቱ በጊዜው ደርሷል። ለልጄ የመኖሪያ ፈቃድ ሰጥተዋታል። «በአንድ እጄ አቅፌው ነው የምጽፍልሽ» ትላለች። ለዚህ ነው ፊደሉ የተጣመመው።

ግንቦት 12
ማንም ሳይጠራኝ ቀበሌ ሄድኩ። የአንኮበር ይለፍ አልኩ።
«ደግሞ ለምን ጉዳይ?» አለ ዘርአ ዳዊት።
«አማቴን የልደት ስማቸውን ልጠይቅ።»
ቀና ብሎ አየኝ። ቅጹን አውጥቶ ሞላው።
«ሊቀመንበሩ ግን ስብሰባ ናቸው።»
አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።