አባባ «ቆይ» ያለበት ምዕራፍ

ማክሰኞ፣ የካቲት 11። ጠዋት የወጣ፦ ሁለት ጥንድ ወፍራም መጋረጃ፣ አንድ ስስ፣ አንድ የመስኮት ዘንግ ከነማንጠልጠያው። የተመለሰ፦ አንድ ጥንድ። ምክንያት፦ «ሱቅ ውስጥ አረንጓዴ ነበር፣ ቤት ስንደርስ ግራጫ ሆነ።» አባባ፦ ቁርሱን በልቷል፤ ግማሹን ሸሚዙ በልቶለታል።

ውድ ወንድሜ፣

ከላይ ያለው ለራሴ የጻፍኩት ነው። በየቀኑ እንደማደርገው የጠዋቱን ሥራ አስፍሬ ደብተሩን ልከድን ስል እጄ ወደ አንተ ዞረ። ገጾቹን ቀድጄ እልክልሃለሁ። በስልክ እንዳልነግርህ አታስጨርሰኝም፤ ገና አፌን ሳልከፍት «ገባኝ እትዬ፣ ገባኝ» ትላለህ፣ ሳይገባህ። ወረቀትን ግን ማቋረጥ አትችልም።

መጀመሪያ ይህን ልበል፦ ደክሞኛል። እንድታዝንልኝ ብዬ አይደለም፤ ዕቃ ከመሸጤ በፊት እንከኑን እንደማሳይ ቁጠረው። አባባን ከአልጋ ማንሳት፣ ማጠብ፣ ማልበስ፣ ደረጃውን ደግፎ ማውረድ፣ መቁረጫ ጠረጴዛው አጠገብ ወንበሩ ላይ ማስቀመጥ፣ ከዚያ ሱቅ መክፈት። በሩን ስከፍት ቀኑ ያለቀ ይመስለኛል። ስለዚህ ከመጦሪያ ቤቱ «ክፍል ተገኝቷል» ብለው ሲደውሉ፣ አንተም «ይሻላል እትዬ፣ እሱም ያርፋል፣ አንቺም ታርፊያለሽ» ስትል፣ አልተከራከርኩም። ክፍሉን እስከ ዓርብ ይዘውልናል። እሺ ልላቸው ነበር።

ሐኪሙ ያለውን ታስታውሳለህ። ስትሮኩ ከመታው ወዲህ ለአባባ የተረፈችው ቃል «ቆይ» ብቻ ናት። ለሾርባው ቆይ፣ ለመድኃኒቱ ቆይ፣ እግዜር ይማርህ ለሚለው ጎረቤት ቆይ። ሐኪሙ «መናገሩ ብቻ ሳይሆን መረዳቱም ሄዶ ሊሆን ይችላል» አለ። «ሊሆን ይችላል» ነበር ያለው። እኔና አንተ ግን «ሄዷል» ብለን ተቀበልነው፤ እንደዚያ ሲሆን ይቀላል። አንተም «ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጊልኝ» ማለት ተውክ። ለምን ብዬ ብጠይቅህ፣ «ምን እለዋለሁ እትዬ? ባዶ ቤት ማንኳኳት ሆነብኝ» አልክ። አልተቆጣሁህም። እኔም አጥበዋለሁ እንጂ ማናገሩን ከተውኩ ቆይቻለሁ።

አሁን ወደ መጽሐፍ ቅዱሱ ልምጣ። ልጆች ሳለን አባባ እንዴት እንዳከፋፈለን ታውቃለህ። «መጽሐፉ ለእሱ፣ መቀሱ ለእሷ» ይል ነበር፣ እየሳቀ። እንዳለውም ሆነ። አንተ የመጽሐፍ ቅዱስ መምህር ሆንክ፣ እኔ መጋረጃ ሻጭ። አንተ ስታነብ ደስ ብሎኝ አዳምጣለሁ፤ ራሴ ስከፍተው ግን የሰው ዕቃ የነካሁ ይመስለኛል። ይህን ነግሬህ አላውቅም፤ ምን ብዬ ልንገርህ?

አባባ ከታመመ በኋላ «ጽናት ይሆንሻል» ብለህ የላክልኝን የዓመት የጥናት ፕሮግራም ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። ተስፋው በአረንጓዴ ይሰመርበት፣ ትእዛዙ በቀይ፣ ጸሎቱ በሰማያዊ ይላል። ጎበዝ ሰው የሠራው ነው፤ ደግሞም ጠዋት ተነሥቶ ለራሱ ብቻ ፊቱን የሚታጠብ ሰው የሠራው ነው። እኔ ከምሳ በኋላ ገበያው ሲቀዘቅዝ እከፍታለሁ፣ አንድ ገጽ ሳልጨርስ መጽሐፉ ላይ ተደፍቼ እተኛለሁ። ሰፊያችን ጉንጬን አይታ፣ «ዛሬ ጸሎት ነው ያነበብሽው፣ ሰማያዊ ሆነሻል» ትለኛለች። ምላሷን ታውቃለህ።

እንዲህ እየተኛሁ እየነቃሁ ኦሪት ዘጸአት ውስጥ፣ ስለ ማደሪያው ድንኳን ከሚያወራው ጋ ደረስኩ። ፕሮግራሙ ላይ በእጅህ «ይህን በወፍ በረር እለፊው፣ ዝርዝር ነው» ብለህ ጽፈህልኛል። ላልፈው ነበር። ዓይኔ «መጋረጃ» የሚለው ላይ ቀረ።

ወንድሜ፣ ያ ዝርዝር አይደለም። ሥራ ማዘዣ ነው። ርዝመቱ፣ ስፋቱ፣ ጨርቁ፣ ቀለሙ፣ የትኛው ከየትኛው እንደሚጋጠም፣ ሁሉ ተነግሯል። እንዲህ አጥርቶ የሚያዝ ደንበኛ በዚህ በር ገብቶ አያውቅም። የኛዎቹ «እንዲያው ደስ የሚል ነገር» ብለው አዝዘው ሲሰፋ የሚጣሉ ናቸው። ሜትሬን አነሣሁ። ክንድ የሚለውን በራሴ ክንድ ለካሁ፣ ጠረጴዛው ላይ በጠመኔ አሰመርኩ። ሰፊዋ ማሽኗን አቁማ መጣች።

«የማን ሥራ ነው?»

«የእግዚአብሔር።»

«ቀብድ ሰጥቷል?»

«ይልቅ ጫፉን ያዢልኝ።»

ያዘችልኝ። ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከጽሑፉ ጋር ስከራከር ዋልኩ። አሥሩ መጋረጃ ለምን አንድ ወጥ አይሆንም? ለምን አምስቱ ለብቻ፣ አምስቱ ለብቻ ተሰፍተው መካከሉ ላይ በሰማያዊ የጨርቅ ቀለበትና በወርቅ መያዣ ይጋጠማሉ? የሚያለፋ ሥራ ነው፤ እኔ ብሆን ለደንበኛው «አይሆንም» እለው ነበር። በኋላ ገባኝ። ሰዎቹ መንገደኞች ናቸው። አንድ ወጥ ቢሆን ማን ያነሣዋል? ያዘዘው የሚሸከሙትን ሰዎች ጀርባ አስቦ ነው። ተስፋ አይደለም፣ ጸሎት አይደለም፣ የማሰምርበት ቀለም አጣሁለት። ብቻ ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ሰው ስለ ጀርባዬ ያሰበልኝ መሰለኝ።

ፕሮግራሙን ከግድግዳው አነሣሁት፤ አትቀየመኝ። አሁን የማነበው ትንሽ ነው። የትም ብከፍት መጀመሪያ እዚያ የሚሠራውን ሰው እፈልጋለሁ፤ ምን እንደያዘ፣ ምን እንደከበደው አያለሁ። ከዚያ የቀረው ይከተላል። አንዳንዴ አይከተልም፤ እዘጋውና ነገ እመለሳለሁ። የሰው ዕቃ ግን አይመስለኝም።

አሁን ለምን እንደጻፍኩልህ። ባለፈው ሐሙስ ያንኑ ምዕራፍ ለሰፊዋ ጮክ ብዬ አነብላት ነበር። አባባ እንደ ወትሮው ወንበሩ ላይ ነው፣ ዓይኑ መንገዱ ላይ። ከድካሜ የተነሣ መስመር ዘለልኩ፤ ስለ ቀለበቶቹ የሚለውን ትቼ በቀጥታ ወደ ወርቅ መያዣዎቹ ሄድኩ።

«ቆይ» አለ አባባ።

ሰፊዋ ቀና እንኳ አላለችም። «አይዞዎት አባባ፣ ሾርባው እየመጣ ነው።»

«ቆይ።»

ዞሬ አየሁት። ደኅነኛው እጁ ከጭኑ ላይ ተነሥቷል። አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን አገናኝቶ ቀለበት ሠርቶ፣ ወደ እኔ ዘርግቶታል። ልጅ ሆኜ ስፌት ሲያስተምረኝ፣ አንድ ነገር ረስቼ ስሰፋ በእጁ እንደሚያሳየኝ። ወደ መጽሐፉ ተመለስኩና የዘለልኩትን አየሁ። ቀለበት ከሌለ መያዣው ምን ይይዛል?

እኔን ታውቀኛለህ። «ቀለሙ አይለቅም» ያለኝን ሁሉ አላምንም፤ ጫፉን ውኃ ነክሬ ነው የምገዛው። ሰፊዋም «እሳቸው ለሁሉም ቆይ ነው የሚሉት፣ ተይ ልብሽ አይሰበር» አለችኝ፣ እውነቷን ነው። ስለዚህ በማግስቱ ፊቱን እንድታይ አስቀምጫት ሳላጓድል አነበብኩ። ዝም አለ። ቅዳሜ ርዝመቱን አሳስቼ አነበብኩ። አሁንም ዝም፣ እንዲያውም አንቀላፋ። ልቤ ወደቀ። ትናንት ግን ቅደም ተከተሉን ገለበጥኩት፤ መያዣዎቹን አስቀድሜ፣ ቀለበቶቹን እስከነጭራሹ ተውኳቸው።

«ቆይ!» ብሎ የወንበሩን መደገፊያ በመዳፉ መታው። በቁጣ። ያ ቁጣው፣ የምናውቀው።

ሰፊዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ያቺ ሰው የማትምር ሴት ፊቷን ወደ ማሽኑ አዙራ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም፤ ደንበኛ ገባ።

«ምነው፣ ሰው ሞተባችሁ እንዴ?» አለ ሰውየው፣ ግራ ገብቶት።

«ኧረ የለም፤ ቀለበት ረስቼ አባቴ ተቆጥቶኝ ነው» አልኩት።

ሁሉን ይረዳል አልልህም። ስለ መጦሪያ ቤቱ ብነግረው ይግባው አይግባው አላውቅም። ቤቱ ግን ባዶ አይደለም። በሌላ በር ስናንኳኳ ነው የከረምነው።

እንግዲህ እንዋዋል። አባባ እዚሁ ይሁን፤ ብቻዬን ግን አልችለውም። በየቀኑ ሰባት ተኩል ላይ ትደውላለህ። ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጌለት ፎቅ ወጥቼ እተኛለሁ፤ ሱቁን ሰፊዋ ትጠብቃለች። አንተ ታነብለታለህ። ድንኳኑን፣ መርከቡን፣ የፈረሰው ቅጥር ሲጠገን፣ ብቻ ሰው በእጁ የሚሠራበትን ሁሉ። ከኔ ይልቅ አንተ የት የት እንዳለ ታውቃለህ። አትስበክለት፤ ስብከት ላይ ድሮም ይተኛ ነበር። ይህ የመጨረሻ ዋጋዬ ነው፣ አልቀንስም። አቅሜ ያለቀ ቀን እነግርሃለሁ፤ ያን ጊዜ ስለ ክፍሉ ሳንተፋፈር እንነጋገራለን። መልስህን ሳልጠብቅ የኔን ድርሻ ነገ እፈጽማለሁ፤ ደብዳቤው ሲደርስህ ውሉ በግማሽ እንደተፈረመ ቁጠረው።

ስታነብለት ቀስ በል። አንዳንዴ ደግሞ ሆን ብለህ አንድ መስመር ዝለል። «ቆይ» ሲልህ በጆሮህ ትሰማዋለህ። ያን ጊዜ ደውለህ «ገባኝ እትዬ» ብትለኝ አምንሃለሁ።

መቀሱ የደረሳት እኅትህ

ነገ፦ ሰፊዋ ቀደም ብላ ትመጣለች። ሱቅ ሳልከፍት መጦሪያ ቤቱ ሄጄ ክፍሉን ለሌላ ሰው እንዲሰጡ መንገር። ስመለስ ከጅምላ ሻጩ ሰማያዊ ጥብጣብ፣ ለቀለበት የሚሆን፣ ለአባባ እጅ።