እማማ ሶን ያለ ኪምቺ አይበሉም

ሰኞ

ዛሬም ሳህኑን ገፉት። እኔም እልኸኛ ነኝ፣ መልሼ አቀረብኩት። ደግመው ገፉት፤ ሩዙ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። አሌክሳንድሪያ ቤታቸው እየተመላለስኩ ኮሪያዊቷን እማማ ሶንን መንከባከብ ከጀመርኩ ወዲህ እንዲህ ሆነው አያውቁም። ነገሩ የገባኝ ለኪምቺ ብቻ የተገዛውን ትንሹን ፍሪጅ ስከፍት ነው። ባዶ! ከመታመማቸው በፊት በእጃቸው የሠሩት አልቋል። በርበሬና ነጭ ሽንኩርት ተቀብቶ የኮመጠጠ ጎመን ነው፣ ሌላ አይደለም። ግን ቁርስም ምሳም እራትም ያለሱ ሩዝ አይወርድላቸውም።

ማክሰኞ

ሴቨን ኮርነርስ ካለ ሱቅ ኪምቺ ገዝቼ ሄድኩ። አሸተቱት፣ ፊታቸውን አዞሩ።

ልጃቸው ግሬስ ደወለች። እስከ እሑድ ካልበሉ ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ ልታስገባቸው ነው። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ እሷም ጨንቋታል። ግን እማማ ከበሽታው በኋላ እንግሊዝኛው ጠፍቶባቸዋል፣ የቀራቸው ኮሪያኛ ብቻ ነው። እዚያ ማን ያናግራቸዋል? እኔስ ብሆን መቼ አናግራቸዋለሁ፤ በእጅና በዓይን ነው የምንግባባው።

ረቡዕ

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ኪምቺ ልሠራ ተነሳሁ። ጎመን፣ የኮሪያ በርበሬ፣ ዝንጅብል፣ በጨው የተዘፈዘፈ ጥቃቅን ሽሪምፕ ገዛሁ። ጎመኑን ፊታቸው ሳደርገው እጃቸው ነቃ። ቅጠሉን አንድ በአንድ እየገለጡ ጨው ነሰነሱበት። ታጥቦ ሲንጠፈጠፍ ሽሪምፑንና በርበሬውን ለውሰው ቀቡት። ደስ ብሎኝ አንጎራጎርኩ።

ከዚያ አንድ ቅጠል ጠቀለሉና ወደ አፌ ዘረጉ። ጉርሻ! ሽሪምፑ ትዝ አለኝ፤ የባሕር እንስሳ ነው። ሁዳዴ ነው። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ራሴን ነቀነቅኩ። ጾምን በእጅ ምልክት እንዴት ያስረዳሉ? ቅጠሉን መልሰው ጣሉት፣ እሳቸውም ሳይቀምሱ ቀሩ። በእኛ ቤት ጉርሻ የመለሰ ሰው ስንት ይወራበታል።

ሐሙስ

ውሃ ብቻ። ኪምቺው ጠረጴዛው ላይ አረፋ እያወጣ ነው፣ እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተውታል።

ለግሬስ ቴክስት አደረግኩላት። ኪምቺ አብሮ የሠራን ሰው ማጉረስ ወጋችን ነው አለች። "እምቢ ካልሽ፣ እናቴ ምግቤን ተጸየፈች ብላ ነው የምታስበው።" እኔ! ልጸየፍ! መኪና ውስጥ አለቀስኩ። የንስሐ አባቴ ጋ ደወልኩ፣ አላነሱም።

ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቴ ስገባ ባሌ ታዴ፣ "ከነገሩ ጦም እደሩ፤ አሠሪዎችሽ ሌላ ኬዝ፣ ሌላ ታማሚ ይሰጡሻል" አለኝ። ሌላ ኬዝ! ለሱም ሌላ ሚስት ይስጡት።

ዓርብ

አባ አሁንም አላነሱም። ራሴ ወሰንኩ። ኪምቺውን ከፍቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩና እንደ ሕፃን አፌን ከፈትኩ። አዩኝ። አፌ እስኪደርቅ ጠበቅኩ። አንድ ቅጠል ጠቅልለው አጎረሱኝ። ኮምጣጣ ነው፣ ያቃጥላል፣ ዓሣ ዓሣ ይላል። ጣፈጠኝ፣ ምን ልዋሽ።

ስውጥ አይተው ጣታቸውን ላሱ። ትንሽ ቀደው ወደ አፋቸው ወሰዱ፣ አላመጡ፣ ዋጡ። ሩዙን ግን አልነኩም። ግሬስ እሑድ ትመጣለች። አንዲት ቁራጭ ቅጠል፣ ግሬስን "በላች" ታሰኛለች? አላውቅም። ጌታዬ፣ እኔስ ገድፌያለሁ፤ እባክህ እሳቸውን አብላልኝ።