እማማ አይሲልዳን በመዋኛ ልብስ እንድናጠምቅ ለመከሩን ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ አቶ ሌስተር ፔምብሪጅ፣
በሞንቴጎ ቤይ የ«ነጭ ዕንቁ» ሆቴል ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

በቅድሚያ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የአጥርዎስ ጤና? ባለፈው ወር ስናየው እስከ ውሃው አፍ ድረስ አድጎ ነበርና፣ ዓይን አያስበላው ብለናል።

እኔ ከሆቴልዎ ማዶ ያለችው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ጸሐፊ ስሆን፣ የማስቸግርዎ በእማማ አይሲልዳ ጉዳይ ነው። እኚህ የሰማንያ አንድ ዓመት አዛውንት «ቆዩ፣ ኃጢአቴን አልጨረስኩም» እያሉ አርባ ዓመት ሲያስለምኑን ኖረው፣ ዘንድሮ እናታቸው በተጠመቁበት ባሕር ለመጠመቅ እሺ አሉን። ባሕሩ ግን ከሆቴልዎ ጀርባ ገብቶ ተገኘ። ስለዚህ ምስጋናችንን በተራ ቁጥር እናቀርባለን።

፩ኛ. እማማ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው በርዎ ላይ ሲደርሱ፣ ጥበቃው «በመመሪያው መሠረት ያለ መዋኛ ልብስ አይገባም» ብሎ ስለ መለሳቸው እናመሰግናለን። እማማ ልብሱን በማስታወቂያው ሥዕል ላይ አይተው፣ «ይህቺን ለብሼ ከምጸድቅስ እዚያው ልቃጠል» ብለዋል።

፪ኛ. በምትኩ መሐሉ ላይ ሩም የሚሉት አረቄ የሚቀዳበትን የመዋኛ ገንዳዎን ስለ ፈቀዱልን ውለታዎን አንረሳም። እማማ ግን «እኔ ከሩም ሸሽቼ መጣሁ፤ መልሳችሁ እዚያው ልትነክሩኝ?» አሉ።

፫ኛ. እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወውና፣ ሴትዮዋ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀሚሳቸውን ወንበር ላይ ዘርግተው ይጠብቃሉ። በሰማንያ አንድ ዓመት ቀጠሮ አይራዘምም፣ ጌታዬ። አንጀት ይበላሉ።

፬ኛ. ከሁሉ በላይ የምናመሰግንዎ፣ አቤቱታ ይዘን ስንመጣ «ባሕሩማ የሁሉም ነው፤ የእኛ መንገዱ ብቻ ነው» ስላሉን ነው። እኛ ሞኞቹ ይህን አላሰብነውም ነበር። በምክርዎ መሠረት ከዓሣ አጥማጆቻችን ሰባት ጀልባ ተውሰናል። የፊታችን እሑድ፣ እንግዶችዎ ባሕሩ ዳር ለቁርስ ሲቀርቡ፣ ስልሳ ዘማሪና አራት ከበሮ ይዘን በባሕር እንመጣለን። አሸዋዎን ጫፉን እንኳ አንረግጥም፤ ከጠረጴዛዎቹ ፊት ለፊት፣ እስከ ወገባችን ውሃ ውስጥ እንቆማለን። የፓስተራችን ስብከት ከሦስት ሰዓት አንሶ እንደማያውቅ በትሕትና እናሳውቃለን።

በአጥርዎ ቀዳዳ አጎንብሰን እጅ የምንነሳ ጎረቤቶችዎን በመወከል፣
ሜልባ ትሬንች፣ ጸሐፊ

ማሳሰቢያ፦ እማማን ከበር የመለሰው ጥበቃ ዴንዚል የገዛ የልጅ ልጃቸው ነው። እሑድ አያቱ የሚሳፈሩበትን ጀልባ የሚቀዝፈው እሱ ስለሆነ ፈቃድ ይስጡልን። በሩ ባዶ ይሆናል ብለው አይስጉ፤ እኛ በዚያ በኩል አንመጣም።