ከሰጪ ዋስ ይጠይቁ የነበሩት የአቶ አስናቀ ሥዩም የሕይወት ታሪክ

አቶ አስናቀ ሥዩም ከአባታቸው ከአቶ ሥዩም እና ከእናታቸው ከወይዘሮ የትምወርቅ በወሎ፣ በወረኢሉ አካባቢ በ1879 ዓመተ ምሕረት ተወለዱ። ወሩን ጥር ነው ይሉ ነበር፤ ለዚህ ግን ምስክር እንደሌላቸው ሳይጨምሩ አያልፉም።

በአካባቢያቸው ደብር ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደግመዋል። ቅኔም ተምረዋል ይባላል፤ እኔ የወንድማቸው ልጅ ከሕፃንነቴ ጀምሮ አብሬያቸው ኖሬ ሲቀኙ አንድም ቀን ስላልሰማሁ፣ ይህን አላረጋግጥም።

ልጅ ሳሉ አንድ የአገሩ ባለጸጋ ለአባታቸው በሬ በስጦታ ሰጠ። ሰፈሩ ሁሉ መረቀው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ያው ሰው መጥቶ «በሬዬ ሲያርሰው የኖረው መሬት የእኔም ነው» አለ። ዳኛ ፊት ሲቀርቡ፣ በሬው ስጦታ ነበር ብሎ የሚመሰክር ጠፋ፤ የመረቁትም ሁሉ አንደበታቸው ተያዘ። በሬውም መሬቱም ሄደ። አቶ አስናቀ ይህን እስከ ዕለተ ሞታቸው አልረሱትም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን አባባል ከሌላው ሰው ይልቅ እሳቸው ሲናገሩት ይከብድ ነበር።

በ1905 ዓ.ም. ወደ መቐለ መጥተው በጨው ኬላ ጸሐፊነት ተቀጠሩ። ባለ ግመሉ ይህን ያህል አሞሌ ጭኛለሁ ቢላቸው ቃሉን ተቀብለው አያውቁም፤ ጭነቱን አስፈትተው ያዩ ነበር። በ1912 ዓ.ም. ከወይዘሮ ተዋበች ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ። ከጋብቻው በፊት ስለ ሙሽራዋ ብዙ ሰው አጠያይቀዋል፤ ወይዘሮ ተዋበችም በበኩላቸው ስለ እሳቸው ከዚያ የበለጠ ሰው ማጠያየቃቸውን ነግረውኛል። እግዚአብሔር ልጅ አልሰጣቸውም። በትዳራቸው ግን እስከ መጨረሻው ተከባብረው ኖረዋል።

በ1926 ዓ.ም. ክረምት ለቀን ሥራ ከወሎ የመጣ አንድ ወጣት በግርሻ ትኩሳት ታሞ ገበያው አጠገብ፣ አጥር ሥር ሞቶ ተገኘ። ሃይማኖቱን የሚያውቅ ስላልነበረ ቄስ ይጠራ ወይስ ሼክ በሚል ሬሳው ውሎ አደረ። አቶ አስናቀ በዚህ እጅግ አዘኑ። ከአገራቸው ሰው ከጨው ነጋዴው ከአቶ ሳሊህ ጋር ሆነው ማኅበር አቋቋሙ፤ በገዛ ቦታቸው ላይም የሳር ቤት ሠርተው ዘመድ የሌለው ሕመምተኛ ሁሉ የሚያርፍበት አደረጉት። ሕመምተኞቹን ወይዘሮ ዘሃራ የተባሉ የማኅበሩ አባል እንዲያስታምሙ ተደረገ። ቤቱ ግን ያፈስ ነበርና ቆርቆሮ አስፈለገ፤ የማኅበሩ አባላት መዋጮ ደግሞ ከዕለት ጉርስና ከመግነዝ አያልፍም ነበር።

ስለዚህ ከሰጪ ደጅ መጥናት ግድ ሆነ። አቶ አስናቀ ማመልከቻ መጻፍ ያውቁ ነበር፤ በእያንዳንዱ ማመልከቻ መጨረሻ ግን አንድ ቃል ያክሉ ነበር፦ ሰጪው የሰጠውን ተመልሶ ላይጠይቅ ዋስ ይጥራ። ተበዳሪ ዋስ ሲጠራ አገሩ ያውቃል፤ ለጋስ ዋስ ጥራ ሲባል ግን ተሰምቶ አይታወቅም።

በወረራው ዘመን፣ በ1930 ዓ.ም.፣ አንድ የጣሊያን ሹም ቆርቆሮ እሰጣለሁ አለ። በምላሹ የጠየቀው በቤቱ የሚያድሩትን ሰዎች ስም፣ ከየት እንደመጡና ወዴት እንደሚሄዱ ብቻ ነበር። አቶ አስናቀ ብቻ የምትለዋን ቃል ጠረጠሩ። ዋስ ይጥራ ቢሉ ታሰሩ። ሲፈቱ ክረምቱ ገብቶ ነበር፤ በዚያው ክረምት ሁለት ሕመምተኞች በሚያፈስ ጣራ ሥር አረፉ። ወይዘሮ ዘሃራ ሰው ባለበት «ጋሼ አስናቀ፣ ጥርጣሬዎ ክዳን አይሆነንም» አሏቸው። አቶ አስናቀ ከዚያ በኋላ ብዙ ሳምንት ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም አልወጡም። ስሞቹን ሰጥተው ቢሆን ኖሮ ስንት ሰው ይታነቅ እንደነበር ዛሬ እናውቃለን፤ ያን ጊዜ ግን ከተማው ግማሹ ረግሟቸዋል።

ከነጻነት በኋላ፣ በ1937 ዓ.ም.፣ አስመራ ላይ አንድ የውጭ አገር በጎ አድራጊ ማኅበር ድኩማንን ይረዳል የሚል ወሬ ተሰማ። አቶ አስናቀ ወሬውን ለማጣራት ሁለት ሰው በተለያየ መንገድ ልከው፣ የሁለቱ ቃል ሲገጥምላቸው ማመልከቻውን እንዲህ ሲሉ ጻፉ፦ የሕመምተኛውን ብዛት እንገልጻለን፤ ስም አንገልጽም። የዓመቱን ሥራ እናስታውቃለን፤ ሰጪው ግን ዋስ ይጥራ። የሚተረጉመው የመቐለ ልጅ «እዋእ ኣያ አስናቀ፣ ይህን ብተረጉም እኔንም እናንተንም ያባርሩናል» ብሎ ለመናቸው። አንዲት ቃል እንዳያስቀር አስምለው ሰደዱት።

ከወራት በኋላ መልስ መጣ። ሰዎቹ አልተቆጡም፤ ነገር ግን በመቐለ የሚያውቁት ሰው ስለሌለ ዋስ ሊያገኙ አልቻሉም። ነገሩ አከተመ ስንል፣ አቶ ሳሊህ ሰኞ ገበያ በማኅበሩ ሽማግሌዎች ፊት ቆመው እንዲህ አሉ፦ «ሰዎቹን አላውቃቸውም። አስናቀን ግን አውቀዋለሁ፤ ዋስ ካላገኘ ሬሳ ስንቀብር ልንኖር ነው። ተመልሰው ቢጠይቁ ሱቄንም በቅሎዬንም ይውሰዱ፤ እኔ ዋስ ነኝ።» አቶ አስናቀ ወዳጃቸው ይህን ያደረገው ለምን ይሆን ብለው ሲያወጡ ሲያወርዱ ሰነበቱ። ምክንያት ቢያጡ ተቀበሉ። ቆርቆሮው በመኪና ሲደርስ እንደ ኬላው ዘመን እያንዳንዱን እያገላበጡ ከሥሩ ያለውን አዩ። ምንም አልነበረም። ቤቱ ተከደነ፤ እስከ ዛሬም አያፈስም።

አቶ አስናቀ ከ1940 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በልብ ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተዋል። በኅዳር ወር ሕመሙ ሲጸናባቸው ሽማግሌዎቹን አስጠርተው፣ ቤቱ የቆመበትን ቦታ በወይዘሮ ተዋበች ፈቃድ ለማኅበሩ ለዘለዓለም መስጠታቸውን ተናገሩ። አልቅሰን ልንመርቃቸው ስንነሳ ወይዘሮ ዘሃራ «ቆዩ እንጂ። በዚህ ቤት ሰጪ ዋስ ይጠራል» አሉ።

እንደዚያ ደስ ሲላቸው አይቻቸው አላውቅም። ከትራሳቸው ቀና ብለው፣ ከዚያ ሁሉ ታላላቅ ሰው መካከል በጣታቸው ወደ እኔ አመለከቱ። ክብር መስሎኝ ዋስ ሆንሁ፣ በእግዚአብሔር ስምም ማልሁ። ወደ ቤቴ ስመለስ መንገድ ላይ ነው የገባኝ።

አቶ አስናቀ ሥዩም በተወለዱ በ62 ዓመታቸው ጥር 14 ቀን 1941 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ከሥጋ ዘመዶቻቸው የቀረነው ባለቤታቸው ወይዘሮ ተዋበችና እኔ ብቻ ነን። ወይዘሮ ተዋበች ፈቅደዋል። ስለዚህ ካህናት አባቶቼ፣ ሽማግሌዎችና የማኅበሩ አባላት ሁሉ በመቃብራቸው ፊት ስሙኝ፦ ያን ቦታ በውርስ የሚጠይቅ ቢመጣ ዋሱ እኔ ነኝ፤ ሊጠይቅ የሚችለውም ከእኔ በቀር ማንም የለም። አጎቴ ይህን አስቀድመው አይተው ነው ያለፉት።

ነፍሳቸውን ማንንም ሳይጠረጥሩ በሚያርፉበት ቦታ እግዚአብሔር ያኑርልን። አሜን።